ከፕሌይሊስቴ ታሪክ ይወጣል ወይ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። አራት ኪሎ ነው የምኖረው፤ ሜክሲኮ አካባቢ በሂሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። አጫጭር ልብ ወለድ መጻፍ እፈልጋለሁ። ስልኬ ላይ ለዓመታት የሰበሰብኳቸው መቶ ምናምን ዘፈኖች አሉ፤ ከጥላሁን ገሠሠ ጀምሮ እስካሁኖቹ ድረስ። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ኤርፎን ሰክቼ ስሰማ ታሪኩ ሁሉ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ማታ ቤት ገብቼ ያንኑ ዘፈን ከፍቼ ስጽፍ ግን የሚወጣው ነገር የዘፈን ግጥም ይመስላል። ሆድ ባሰኝ፣ ናፍቆት ገደለኝ፣ ምናምን። ዘፈኖቹን ትቼ በጸጥታ ልጻፍ ወይስ የምጠቀምባቸው መንገድ አለ? ደግሞስ የዘፈን ስንኝ ታሪኬ ውስጥ ባስገባ ችግር አለው?»

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ዘፈኖቹን አትተዪ። የምትተዪው እየሰሙ መጻፍን ነው። ስሚ፣ አጥፊ፣ ከዚያ ጻፊ። ምክሬ በአጭሩ ይኸው ነው። ለምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ግን ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፤ ምክንያቱም ልብ ወለድ በማስተምርበትም ሆነ የሰው ረቂቅ በማርምበት ጊዜ እንዳንቺ ያለ ችግር በጣም ይገጥመኛል። ጎበዝ ልጆች ናቸው፤ የሚጽፉት ግን የሰሙትን ነው።

መጀመሪያ ማታ ማታ ምን እየሆነ እንደሆነ እንይ። በምትሰሚው ቋንቋ የሚዘፈን ዘፈን ቃል ይዞ ነው የሚመጣው። አንቺም በዚያው ሰዓት ቃል እየፈለግሽ ነው። ሁለቱ አንድ በር ላይ ይጋፋሉ። ዘፋኙ ቃሉን አዘጋጅቶ፣ ቤት አስመትቶ፣ በዜማ አሽሞንሙኖ ስለመጣ ይቀድምሻል። ሳላሜና ባድሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ተከታታይ ቁጥሮችን በቃል እንዲይዙ አድርገው ነበር። ከጀርባ ድምፃዊ ያለበት ዘፈን ሲከፈት በመሣሪያ ብቻ ከተቀነባበረ ሙዚቃ ይልቅ አብዝቶ አሳሳታቸው። ቁጥር ለመያዝ እንዲህ ካስቸገረ ዓረፍተ ነገር ለመሥራት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አስቢው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ራንስዴልና ጊልሮይ ተማሪዎችን በኮምፒውተር ድርሰት አስጽፈው፣ ከጀርባ ሙዚቃ ሲኖር የአጻጻፋቸው ፍጥነት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እዚህ ላይ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረውም ሙዚቃ አልዳነም።

ታዲያ ጠዋት ታክሲ ውስጥ የሚመጣልሽ ነገር ውሸት ነው ወይ? አይደለም። ሥራው ስለሚለይ ነው። ጠዋት ሐሳብ እየሰበሰብሽ ነው፤ ማታ ግን ከሰበሰብሽው ውስጥ አንዱን ቃል እየመረጥሽ ነው። ሪተርና ፈርጉሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ጥናት ይህን ልዩነት ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ደስ የሚል ክላሲካል ሙዚቃ የሰሙ ሰዎች በጸጥታ ከተቀመጡት ይልቅ ብዙና የተለያየ ሐሳብ አፈለቁ። ወደ አንድ ትክክለኛ መልስ የሚያጠብ ጥያቄ ሲሰጣቸው ግን ሙዚቃው ምንም አልጨመረላቸውም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ከዚህ ይብሳል። ሦስት ቃላት ተሰጥቶሽ ከሦስቱም ጋር የሚገጥም አራተኛ ቃል ፈልጊ ስትባዪ፣ የምታውቂው ዘፈንም ይሁን በማታውቂው ቋንቋ የተዘፈነ ወይም ቃል የሌለው ሙዚቃ፣ ሁሉም ከጸጥታ ያነሰ ውጤት አመጣ። የቤተ መጻሕፍት ዓይነት ኮሽታ ግን አልጎዳም። ስለዚህ ካፌ ቁጭ ብለሽ ለስለስ ባለ ጫጫታ መሃል መጻፍሽን አልቃወምም፤ የካፌው ስፒከር ከራስሽ በላይ ካልሆነ ማለቴ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ እንደዚያ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ታክሲ ውስጥ ፊትሽ ላይ ድቅን የሚለው ነገር ገና ታሪክ አይደለም። ስሜት ነው። መስኮቱ ይሮጣል፣ ሰው ያልፋል፣ ከበሮው ይመታል፣ ድምፁ ያምራል፤ ሆድሽ ይላወሳል። ይህን ስሜት የሠራው ዘፋኙ፣ የግጥም ደራሲው፣ የዜማ ደራሲውና አቀናባሪው ነው። አንቺ ተቀባይ ነሽ። ወረቀት ላይ ስታሰፍሪው ሙዚቃው የለም፤ አንባቢው ከበሮውን አይሰማም። የቀረለት «ናፍቆት ገደለኝ» የሚል ደረቅ ቃል ነው። ዘፋኝ «ናፍቆት ገደለኝ» ሲል የሚያስለቅሰን ድምፁ ስለሚያምንበት ነው። በዝርው ጽሑፍ ያንን የሚያደርግልሽ ድምፅ ስለሌለ ሌላ ነገር ማምጣት አለብሽ።

ያ ሌላ ነገር ዘፈኑን የሰማሽበት ቦታ ነው። ዘፈኑ የሁሉም ነው። የሰማሽበት ቤት፣ አብሮሽ የነበረው ሰው፣ ያኔ እጅሽ ይሠራው የነበረው ሥራ ግን ያንቺ ብቻ ነው። ፒተር ጃናታ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየው፣ የሚታወቅ ዘፈን የራስን የሕይወት ትዝታ ሲቀሰቅስ ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል አብሮ ይሠራል። ሙዚቃውና የራስ ታሪክ እዚያ ይገናኛሉ። እናም ዘፈን ሲከፈት ድሮ የነበርሽበት ክፍል ከነሽታው የሚመጣው በከንቱ አይደለም። ብዙ ጀማሪ ግን ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን በማየት ፈንታ በሩ ላይ ቆሞ ዘፈኑን ያደንቃል።

አንድ ምሳሌ ላሳይሽ። ካስተማርኳቸው አንዷ፣ ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው፣ ከስልኳ አንድ የቆየ የክራር ዘፈን መርጣ መጀመሪያ ያመጣችው እንዲህ የሚል ነበር፦

«ያ ዘፈን ሲሰማ ልቤ ይቀልጣል። የልጅነቴ ትዝታ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ናፍቆት ሆዴን ይበላዋል።»

ስሙን ሳትጠራ ሦስት ዘፈን አሰማችን። ዘፈኑን አጥፊውና የት እንደሰማሽው ብቻ ንገሪኝ አልኳት። ቤት ውስጥ፣ ከቴፕ አለች። ቴፑ የት ነበር? ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ። ማን ነበር የሚከፍተው? ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ጻፈች፦

«አጎቴ ሲሞት እማዬ ቴፑን በዳንቴል ሸፈነችው። ዓመቱን ሙሉ ቤታችን ዘፈን አልተከፈተም። ጎረቤት ሬዲዮ ሲከፍት እንኳ መስኮት ትዘጋ ነበር። ሙት ዓመቱ ባለፈ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ከገበያ መጥታ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ዳንቴሉን አነሳችው። አጣጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችው። ካሴቱ እዚያው ውስጥ ነበር። ስትጫነው ከመሃል ጀመረ።»

እዚህ ውስጥ የዘፈኑ ስም የለም። ዘፋኙም የለም። «አዘነች» የሚል ቃል የለም። ክፍል ውስጥ የነበሩት ልጆች ግን አንብባ ሳትጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ከመሃል የጀመረው ማን አቋርጦት ነው? መርዶ የመጣ ቀን ዘፈን ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። ሰው በሩን ሲያንኳኳ አንድ እጅ ቴፑን አጥፍቷል። የማን እጅ ነው? የእናትየው ወይስ የራሷ የሕፃኗ? ይኸው ታሪክ ተገኘ። ያገኘችው ደግሞ ከዘፈኑ ቃል ሳይሆን ዘፈኑ ከተቋረጠበት ቦታ ነው። አማርኛ የምናነብ ሰዎች ሐዘን ያለበት ቤት ዘፈን እንደማይከፈት እናውቃለን፤ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ይህን እውቀታችንን ነው የተጠቀመችበት።

እንግዲህ አንቺም ጠዋት ታክሲ ውስጥ የምትሠሪው ሥራ ይኼ ይሁን። ታሪክ አታስቢ። ለእያንዳንዱ ዘፈን ስልክሽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፊ፦ የት ሰማሁት፣ ማን ነበር፣ እጄ ምን ይሠራ ነበር። «ደስ የሚል ጊዜ ነበር» ብለሽ አትጻፊ። «ሽንኩርት እየላጥኩ፣ ወንድሜ ፈተና ወድቆ የመጣ ቀን» ብለሽ ጻፊ። ከመቶ ምናምኑ ዘፈን አብዛኛው ምንም አይሰጥሽም። እሱን አድምጪው፣ ውደጂው፣ ለጽሑፍ ግን አትቁጠሪው። ቦታና ሰው ይዘው የሚመጡት ጥቂት ናቸው፤ እነሱን ለብቻቸው አውጥተሽ ሌላ ፕሌይሊስት ሥሪላቸው። ብዙ ጊዜ የሚያስገርመው ዘፈኑ ራሱ ያን ያህል የማትወጂው መሆኑ ነው። ማስታወቂያ ላይ የሰማሽው፣ ሰርግ ቤት የሰለቸሽ፣ የጎረቤት ልጅ ሌት ተቀን የሚከፍተው ሊሆን ይችላል። ጥሩ ዘፈንና ለታሪክ ጥሩ የሆነ ዘፈን ይለያያሉ።

ማታ ስትቀመጪ ከእነዚህ አንዱን አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ስሚ። ኤርፎኑን አውልቂ፤ ስልኩንም ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው። ጆሮሽ ውስጥ ትንሽ ይቆያል፤ ይቆይ። ከዚያ መስመርሽን አንብበሽ ጀምሪ። ከተቸገርሽ እንደገና ከመክፈትሽ በፊት ክፍሉን ጥቂት ዞር ብለሽ እዪ። መብራት አለ? በሩ ተዘግቷል? ማን አልመጣም?

ግድ ሙዚቃ ካስፈለገሽ፣ ቤታችሁ ጫጫታ ሊበዛ እንደሚችልም አውቃለሁና፣ ቃል የሌለው ይሁን። ከላይ እንዳልኩሽ እሱም ቢሆን ትንሽ ያስከፍላል፤ ከጎረቤት ቴሌቪዥን ግን ይሻላል። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ለዚህ እጅግ ይመቻል። አዲስ አበባ ተወልደው በ99 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉ መነኩሲት ናቸው። አጨዋወታቸው አይቸኩልም፣ አይጮህም፤ አንቺንም አያስቸኩልሽም። የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎንም ጥሩ ነው። ጠብ ወይም ግብግብ የሌለበት ትዕይንት ከሆነ ግን የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን አትክፈቺ። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው፤ ሻይ የሚጠጡ ገጸ ባሕርያትሽን ሳታስቢው ያጣላብሻል።

ስለ ቅኝት አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ሞክረሽው እንድትጽፊልኝ እፈልጋለሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብለን የምንጠራቸው ቅኝቶች እያንዳንዳቸው ጆሮ ላይ የሚተዉት ጠባይ አለ። አንድ ቀላል ትዕይንት ውሰጂ፤ አባት አምሽቶ ቤት ይገባል። አንድ ቀን በትዝታ የተዘፈነ ነገር ሰምተሽ ጻፊው። ሌላ ቀን የመጀመሪያውን ሳታዪ በባቲ የተዘፈነ ሰምተሽ ጻፊው። ከዚያ ጎን ለጎን አድርጊያቸው። ስሜታቸውን አትመዝኚ፤ የመረጥሻቸውን ዕቃዎች ቁጠሪ። በአንዱ አባትየው ቁልፍ ይፈልጋል፣ በሌላው ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዟል። በአንዱ እናትየው ተኝታለች፣ በሌላው እራቱን ደግማ ታሞቃለች። ሙዚቃው የሠራው ሥራ እዚያ ላይ ነው የሚታየው። የዓረፍተ ነገርሽ ርዝመትም ሳይለወጥ አይቀርም። ችክችካ የሚባለውን ፈጣን ምት ሰምቶ የጻፈ ሰው ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲሠራ ብዙም አላየሁም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ለእኛ ሰው ትልቁ አስተማሪ አዝማሪ ይመስለኛል። የካዛንቺስን አዝማሪ ቤቶች የምታውቂያቸው ከሆነ ትዝ ይበልሽ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይገባል። ዜማው ያው ነው፤ ደግሞ ደጋግሞ ይመታዋል። የሚለወጠው ዓይኑ ያረፈበት ነገር ነው። ጥግ የተቀመጠውን ሰውዬ ኮት ያያል። አጠገቡ ያለችውን ሴት ያያል። ብርጭቆው ባዶ መሆኑን ያያል። ወዲያው ግጥም ያደርገዋል። አንዱ ደግሞ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውርለታል፤ እሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ዜማው ሐሳቡን ይሸከምለታል፤ ሐሳቡ ግን የሚመጣው ከፊቱ ካለው ሰው ነው።

ይህን በእግርሽ መለማመድ ትችያለሽ። ቅዳሜ ከሰዓት ከጊዮርጊስ ጀምረሽ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ውረጂ። አንድ ዘፈን ብቻ ደጋግመሽ ስሚ። ቴዎድሮስ አደባባይ ስትደርሺ አጥፊው። ከዚያ ጥቁር አንበሳን፣ ፖስታ ቤትን፣ ብሔራዊ ትያትርን እያለፍሽ እስከ ለገሃር ያለ ሙዚቃ ሂጂ። ዜማው ውስጥሽ ይቀጥላል፤ ዓይንሽ ግን ነፃ ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ፌስታል ይዞ የሚጠብቅ ሰው ታያለሽ። በፌስታሉ ውስጥ ምን አለ? ለማን ነው? ዘፈኑ ያቀበለሽ ስሜት እዚያ ሰውዬ ላይ ሲያርፍ ከዘፈኑ ይላቀቃል። ኤርፎኑ ጆሮሽ ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው የክሊፕ ጀርባ ሆኖ ያልፍሽ ነበር።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ፕሌይሊስትሽ ያንቺ ነው፣ የገጸ ባሕርይሽ አይደለም። የሰባ አምስት ዓመት ሴት ስትጽፊ እሷ በሃያ ዓመቷ ምን ትሰማ እንደነበር ጠይቂ። የሷን ዝርዝር ሥሪላት። ይህ ሥራ በጊዜው ውስጥ ያለውን ኑሮ ሁሉ ይዞልሽ ይመጣል። ለምሳሌ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969፣ በእኛ 1961 ገደማ፣ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር መብቱ በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ደፍሮ ነው የገባበት። ያንን ሸክላ የገዛ ወጣት ምን ዓይነት ልጅ ነው? ቤቱ ማጫወቻ ነበረው ወይስ ጓደኛው ቤት ይሄድ ነበር? ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ። ማታ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈበት እስኪነጋ እዚያው ያድራል። የማይነጋገሩ ባልና ሚስት፣ የተጣሉ ጓደኛሞች፣ አንድ ቤት ውስጥ እስከ ንጋት ከሙዚቃ ጋር ተቆልፎባቸው ሲያድሩ ይታይሽ። ቀጥሎ የካሴት ዘመን ነው፤ ሙዚቃ ቤት ሄዶ አዲስ ካሴት መጠየቅ፣ ካሴት ተውሶ አለመመለስ። ሙዚቃ ቤቶች የነበሩበት የፒያሳ ክፍል ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ አይተሻል። የገጸ ባሕርይሽ ዘፈን የተገዛበት ሱቅ ዛሬ ከሌለ እሱን ራሱን መጻፍ ትችያለሽ፤ ሰፊ መንገድ ዳር ቆማ የቱ ጋ እንደነበር የምትፈልግ ሴት።

የዝርዝሩን ቅደም ተከተል እንደ ታሪክ መዋቅር መጠቀም እንደሚቻል የሚናገሩ አሉ። ይቻላል። ለአጭር ልብ ወለድ ግን አንድ ዘፈን ይበቃል፤ አሁን አትጨነቂበት።

ስለ ስንኙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። በጥቅሉ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ካለፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ለዓላማው ከሚያስፈልገው ሳያልፍ ምንጭና የደራሲ ስም ጠቅሶ ጥቂት መጥቀስ በአዋጁ ተፈቅዷል። ታሪክሽን አሳትመሽ የምትሸጪው ከሆነና ከአንድ ሁለት ስንኝ በላይ ካስገባሽ ግን ፈቃድ ጠይቂ። ስትጠይቂም ልብ በይ፣ ብዙ ጊዜ የምታውቂው ስም የዘፋኙ ነው፤ ግጥሙ የሌላ ሰው ነው። የግጥም ደራሲው ማን እንደሆነ የካሴቱ ወይም የሲዲው ሽፋን ላይ ይጻፋል፤ ዩቲዩብ ላይ ብዙ ጊዜ ተዘሎ ያልፋል። የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም መጥራት ብቻውን ችግር የለውም።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን የሌላውን ስንኝ ከማስገባት የራስሽን ግጠሚ። ገጸ ባሕርይሽ የምትሰማውን ዘፈን አንቺ ፍጠሪው፤ ሁለት ስንኝ በቂ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ስትሰሚ ጆሮሽ ቤት መምታቱን ተምሯል። እነዚያ ማታ ማታ የሚያስቸግሩሽ «ሆድ ባሰኝ»ዎችም እዚያ፣ በዘፋኙ አፍ ውስጥ፣ ቦታ ያገኛሉ።